የፈረሱ መብራት

ያለ ሬዚስተር ኤልኢዲ፣ ያቺን ትንሽ መብራት፣ የሚያበራ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። የሚያውቁኝ ሰዎች «ይኼማ በሽታ ነው» ይሉኛል። ይሁን፣ በሽታ ይሁን። ዳንግላ ባለችው ጠባብ መጠገኛ ቤቴ አንዱ ይመጣና «እህት፣ ይቺን ነጭ መብራት በሦስት የባትሪ ድንጋይ አስሬያት ቦግ ብላ ጠፋችብኝ፣ ምን ሆና ነው?» ሲለኝ፣ ዕቃውን ሳልቀበል ነው ቁጣዬ የሚቀድመው። «ምን ትሁን? ገደልካታ!» እለዋለሁ። «የሚያስታግሳት ነገር ሳታደርግላት የሦስት ድንጋይ ጉልበት ስትለቅባት ምን ልትሆን ኖሯል?» ሰውየው ይስቃል። ትንሽ ቆይቼ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ከመሳቢያዬ አንዲት ሬዚስተር አወጣለሁ። ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ወገቧ ላይ ባለ ቀለም ቀለበቶች አሉ። ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ቀለሞቿን አነባለሁ። አባቴ የሚናፍቀኝ ያን ጊዜ ነው። በዓመት በዓል አይደለም፣ ተዝካሩ ላይም አልነበረም፤ ሬዚስተር ሳነብ ነው።

ያደግሁበት ቤት ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው አስፋልት፣ ዘንገና ሐይቅን አለፍ ብሎ ነው ያለው። ከአስፋልቱ ታጥፎ የእግር መንገዱን ቁልቁል ይወረዳል፤ የቀርከሃ አጥር ያለው ግቢ የእኛ ነው። እዚያ አገር ጉም እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ከገባ በኋላም ቶሎ አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ሲወጣ ካየነው እናቴ የተሰጣውን ልብስ ትሰበስባለች፣ እኔ ጥጃዎቹን አስገባለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አጥራችን ራሱ አይታይም።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ፈረስ ነበረው ማለቴ አይደለም፤ በእኛ አገር ፈረስ ማን የሌለው አለ? ፈረሰኛ ነበር። በእግሩ ሲሄድ ጉልበቱን እያመመው ያነክሳል፤ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ጀርባው ይቃናል፣ አንገቱ ይረዝማል፣ ድምፁ እንኳ ይቀየራል። ፈረሱ ዳማ ነበር፣ ቡናማ ማለት ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አባቴ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር በአገውኛ ነበር የሚያወራው። እናቴ አገውኛ አታውቅም፤ «ምስጢሩን ሁሉ የሚነግረው ለዚያ ፈረስ ነው» እያለች ትቀና ነበር። እውነትም ትቀና ነበር፣ ለቀልድ ብቻ አይደለም።

በገበያ ቀን ጥሊሊ ይሄዳል። ድንቹን ጋሪ ላይ ያስጭንና እሱ በፈረሱ ይከተላል። ድንቹ በጠዋት ያልቃል፤ የአባቴ ወሬ ግን አያልቅም። ከዚያኛው ፈረሰኛ ጋር፣ ከወዲያኛው ዘመድ ጋር፣ ስለ ልጓም፣ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ማን ፈረስ ታመመ ሲያወራ ይመሽበታል። ከዚያ አስፋልቱን ይዞ በጉም ውስጥ ይመለሳል።

ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ምሽት ጎረቤታችን በበቅሎው ሲመለስ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨው። ሰውየው ተረፈ፣ በቅሎዋ አልተረፈችም። ሾፌሩ «ጉም ነው፣ በእግዚአብሔር ስም ምንም አልታየኝም» ብሎ አለቀሰ፤ እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን እናቴን የሚያስቀምጣት ጠፋ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ላይ ትቆማለች። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር «እመቤቴ ድረሺለት!» ብላ ነጠላዋን ትጨብጣለች። አባቴ ደህና ሲመጣ ደግሞ ትሰድበዋለች። «በጊዜ ብትመጣ ምን ይነካሃል?» ስትለው «ምን ልሁን ብዬ ነው ከሰው መሃል ተነስቼ የምሮጠው?» ይላታል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኔን ግን እናቴ በር ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ማየት በጣም ነበር የሚያመኝ። አንድ ቀን ወደኔ ዞረችና «አንቺ ደግሞ! እንጅባራ ድረስ የምትመላለሺው መብራት ልትማሪ አይደል? ለዚህ ሰውዬ መብራት አድርጊለት እንጂ!» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ እንጅባራ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር። ብዙ አላውቅም፤ እንደማውቅ ግን አወራ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከአባቴ ጋር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ለፈረሱ ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ልሠራለት አስቤ የሞተ ሬዲዮኑን ለምኜ ለምኜ ተቀበልኩትና ሆዱን ከፈትኩት። እንደ ዘመድ ሬሳ ነበር በኀዘን ያየው። «ልብ የለሽም አንቺ ልጅ» አለኝ። ውስጡ የተደረደሩትን ሬዚስተሮች ሲያይ ግን ተጠግቶ «እነዚህ ባለ ጌጦች ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለ።

እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። ድንጋዩ የሚሰጠው ጉልበት አለ፣ መብራቱ የሚበቃው ጉልበት አለ፤ ትርፉን መብራቱ ላይ እንዳይወድቅ የምትይዘው ይቺ ናት። ሦስት ድንጋይ አራት ተኩል ቮልት ይሰጣል። ቀዩ ኤልኢዲ ሁለት ገደማ ይበቃዋል፤ ነጩ ግን ከሦስት በላይ ካላገኘ ዓይኑን አይገልጥም። ስለዚህ ለቀዩ ብዙ የምትይዝ ሬዚስተር፣ ለነጩ ጥቂት የምትይዝ ይመረጥለታል። ምን ያህል እንደምትይዝ የሚነግሩን ቀለበቶቿ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው።

«ቀለም ከሆነ ለኔ ተይው» አለ አባቴ።

ለቀዩ የምፈልጋት መቶ ሃምሳ ኦም ነበረች፤ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ። እሱ ግን ቡናማ ብሎ ነገር አያውቅም። «ዳማ ነው ይኼ» አለ። «ዳማ፣ አረንጓዴ፣ ዳማ። አረንጓዴ ፈረስ የለም፤ ስለዚህ ሣር ነው። ሁለት ዳማ ፈረሶች፣ መሃላቸው ሣር። በቃ፣ ያዝኳት!» ከዚያ ወዲያ ከሬዲዮኑ ሆድ ውስጥ ሁለት ዳማ ፈረሶች ሣር ሲበሉ እየፈለገ ያመጣልኝ ጀመር። ጫፏ ላይ ያለችውን የወርቅ ቀለበት አይቶ «ይቺስ?» ሲለኝ «እሷ ስህተቷን ነው የምትናገረው፣ ከቁጥሩ ምን ያህል ዝንፍ እንደምትል» አልኩት። «እንዴ! ሰው ስህተቱን በወርቅ ያሳያል?» ብሎ ሳቀ፤ እናቴን ጠርቶ ሁሉ ነገራት።

የነጩ ሬዚስተር ስልሳ ስምንት ኦም ነበረች፤ እሷን ሬዲዮኑ ውስጥ አጣናት። እንጅባራ ሬዲዮና ቴፕ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ የተቃጠለ የቴሌቪዥን ሰሌዳ ሰጡኝና ከዚያ ለቀምኳት። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አያት። በመጨረሻ አገጩን ወደ ዘንገና በኩል አንስቶ «ይቺ የእኛ አገር ናት» አለ። «ሐይቅ፣ ጉም፣ ጨለማ።»

ከዚህ በኋላ ነው የተሳሳትኩት። ሁለት መብራት እየሠራሁ ስለሆነ፣ ሁለት ሬዚስተር ለምን አባክናለሁ ብዬ ቀዩንና ነጩን ጎን ለጎን በአንዲት ሬዚስተር አሰርኳቸው። ቀዩ ቦግ አለ። ነጩ ምንም! ሞቷል ብዬ ሌላ ነጭ ቀየርኩ፤ ያም ምንም። ሌላ ቀየርኩ። ላቤ መጣ፣ የቻይናን ሠራተኛ ሁሉ ረገምኩ። አባቴ ሲያየኝ ቆየና «ቀዩን ንቀይው እስቲ» አለ። ነቀልኩት። ነጩ ወዲያው በራ። ለካ ቀዩ በትንሹ ስለሚረካ ጉልበቱን እሱ ልክ ላይ አስቀምጦታል፤ ለነጩ የሚደርሰው የለም። አባቴ ጉልበቱን እየመታ ሳቀብኝ። «ሁለት ፈረስ በአንድ ልጓም ለጉመሽ ነው እኮ!» እያለ። ሣር የሚበሉትን ዳማዎች ለቀዩ፣ ሐይቅ፣ ጉም፣ ጨለማን ለነጩ ሰጠኋቸው፤ ለየራሳቸው። ሁለቱም በሩ። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስከ ዛሬ ስንት ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀዩን ከፈረሱ ጭራ በላይ፣ ከኮርቻው በሚመጣው ጠፍር ላይ አሰርኩት፤ ከኋላ ለሚመጣ መኪና ነው። ነጩን ግንባሩ ላይ፣ ከጌጡ መሃል አስቀመጥኩት። ለየብቻ ማብሪያ አደረግሁላቸው። አባቴ ሕጉን ያወጣው ያን ዕለት ነው። «ቀዩ ከጥሊሊ ጀምሮ ይበራል። ነጩን አስፋልቱ ላይ አላበራም፤ ለማን ብዬ? ፊት ለፊት የሚመጣ ሾፌር ላሳውርበት? ነጩ የናንተ ነው። ከአስፋልቱ ታጥፌ ወደ ቤት ስወርድ አበራዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደህና ገብቻለሁ ማለት ነው።» እናቴ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እሱ አላያትም፣ እኔ አየኋት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት የገበያ ቀኖች፣ እነሱ ናቸው የሚናፍቁኝ። እናቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን ወደ ላይ እናያለን። ጉም ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ድንገት ከላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትወጣለች። ትወዛወዛለች፤ ፈረሱ ሲራመድ አንገቱን ያወዛውዛላ! እናቴ «መጣ!» ትልና ወደ ውስጥ ትሮጣለች፤ የእግሩን ውኃ ልታሞቅ። እሱ እስኪወርድ ውኃው ይደርሳል። አንድም ቀን አልተዛነፈም። እግሩን ሲታጠብ «እንዴት ነው፣ ከሩቅ ታየሁ?» ብሎ ይጠይቃል። «ታየህ» እንለዋለን። እሱ ግን ሁልጊዜ ትንሽ አነሰ ባይ ነበር። «ሬዚስተሯን ቀንሺልኝና ይበልጥ ይብራ» ይለኛል። «አባዬ፣ ከቀነስኳት ድንጋዩም ቶሎ ያልቃል፣ መብራቱም ይቃጠላል። መብዛት አይደለም ቁም ነገሩ፣ ልኩን ማግኘት ነው።» «እሺ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው» ብሎ ይተወኛል፤ በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ይጠይቀኛል። ድንጋዩ እንዳይደክም አዘውትሬ የምቀይርለት እኔ ነበርኩ። ሌላ የምሠራለት ነገር አልነበረኝም፤ የምወደውን ያህል የሠራሁለት ያችን ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ነው፣ የገበያ ቀን። ጉሙ ከሌላው ቀን የባሰ ነበር። ቆምን። መሸ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጸልያለች፣ እኔ እግሬን እቀያይራለሁ። ከዚያ ከላይ ነጩ ብቅ አለ። «መጣ! ተመስገን!» አለችና ገባች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁት። ብርሃኑ ቀስ እያለ ወረደ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ቆመ። ዓይኔ ላይ ስለሚያበራ ከጀርባው ያለው አይታየኝም። «አባዬ፣ ዛሬስ አበዛኸው!» አልኩ። ፈረሱ አንገቱን አውርዶ ትከሻዬ ላይ አስቀመጠ። ኮርቻው ባዶ ነበር።

መጮኼን አላስታውስም፤ እናቴ ግን ጩኸቴን ሰምታ ወጣች። እርካቡ ተሰብስቦ ታስሮ ነበር፤ የተቋጠረውን ልጓም ፈትቼ ፈረሱን አዞርኩት። እኔ እየጎተትኩት ሳይሆን እሱ እየጎተተኝ ወደ ላይ ወጣን፤ አስፋልቱን ይዞ ወደ ጥሊሊ በኩል ታጠፈ። ከመታጠፊያው ርቆ፣ ውኃ መውረጃው ድልድይ ጋ፣ አባቴ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጋቢውን በደንብ ተከናንቧል። ዱላው ጭኑ ላይ ነው። ሰው የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። ሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ምሽት አልናገርም።

ለቅሶው ላይ አገር ተሰበሰበ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱም ያለቅሳል፤ ሙሉ ጌጡን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶውን ተጭኖ፣ በለቀስተኛው መሃል ይመራል። የአባቴ ዳማ ተሸልሞ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ጠጋ ብለው «ዕድሜ ልኩን ያሳደገው ፈረስ ጥሎ ገደለው፣ አይ ጊዜ!» ሲሉ ሰማሁ። ሌሎችም እንደዚያው ሲንሾካሾኩ ነበር የዋሉት። አልቻልኩም። ሴት ልጅ በለቅሶ መሃል ተነስታ ሽማግሌ ላይ አትጮህም፤ አውቃለሁ። ጮህኩ።

«አልጣለውም! እርስዎስ ፈረሰኛ አይደሉም እንዴ? ፈረስ የጣለው ሰው እርካቡን ሰብስቦ ኮርቻው ላይ ያስራል? ፈረሱን እንዳያደናቅፈው ልጓሙን ቋጥሮ ይወድቃል? አባቴ ሲያመው ራሱ ነው የወረደው! በራሱ እጅ ነው ፈረሱን ወደ ቤት የሰደደው! ነጩ እኮ...»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ነጩ በርቶ ነበር። ነጩን ደግሞ አስፋልት ላይ አያበራውም፤ ሲታጠፍ ብቻ ነው። አባቴ ግን መታጠፊያው ላይ አልደረሰም። ድልድዩ ጋ፣ እያመመው፣ እርካቡን ከሰበሰበ፣ ልጓሙን ከቋጠረ በኋላ፣ ወደ ፈረሱ ግንባር ዞሮ ነጩን አብርቶታል። እሱ መድረስ ሲያቅተው ብርሃኑን ላከልን።

ሰው ሁሉ ኀዘን አዞራት ብሎ አዘነልኝ። የገባት እናቴ ብቻ ናት። ከመሬት ተነስታ መጣችና «አብሪው» አለችኝ። «እማዬ፣ ቀን ነው፣ ለማንም አይታይም» አልኳት። «አብሪው አልኩሽ!» አበራሁት። ዳማው በዚያ ፀሐይ፣ ግንባሩ ላይ ማንም የማያየው መብራት በርቶ፣ በለቀስተኛው መሃል ዞረ።

ሰማንያው ከወጣ በኋላ ፈረሱን ለአጎቴ ሰጠነው፤ እኛ ግቢ ሲቆም መግቢያውን እያየ ሣር አልበላ አለ። ከዚያ ወዲያ ፈረሰኞችም ባለጋሪዎችም እየመጡ «እንደ አባትሽ ፈረስ አድርጊልን» ይሉኝ ጀመር። ለሁሉም ሠራሁ። ለየራሱ ሬዚስተር እያደረግሁ ነው፣ አንድም ቀን አላቀላቀልኩም። ዳንግላ መጠገኛ ቤት የከፈትኩትም ከዚያ የተነሳ ነው።

ወደ እናቴ ስሄድ ከዳንግላ ከሰዓት በኋላ እሳፈራለሁ። እንጅባራን እናልፋለን፣ ሐይቁ ይመጣል፣ ከሐይቁ ጉሙ፣ ከጉሙ ጨለማው። ሳላስበው በአባቴ ድምፅ እላቸዋለሁ፣ ያቺን ሬዚስተር እያነበብኩ ይመስል። አንዳንዴ ከፊታችን ቀይ ነጥብ ይታያል። ሾፌሩ ፍሬኑን ይይዝና «ጋሪ ነው» ይላል። እኔ የሠራሁት ይሆናል፤ ሆዴ ግን ያንን አይሰማም። እስክናልፈው ድረስ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ። ሞኝነት ነው፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ስናልፈው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

መታጠፊያው ላይ ወርጄ ቁልቁል ሳይ ታች አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። እናቴ የአባቴን ሁለት መብራቶች ከፈረሱ ፈትታ የግቢው በር ላይ ሰቅላቸዋለች፤ እንደምመጣ ስነግራት ነጩን ታበራዋለች። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት «ቀዩንስ ለምን አላበራሽውም?» አልኳት። «ከኋላዬ ማን ይመጣል ብዬ?» አለችኝ።

እዚያ መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እቆማለሁ። አባቴ ያን ብርሃን በጨለማ ከፊት ለፊቱ አይቶት አያውቅም፤ እሱ ሁልጊዜ ከኋላው ነበር። «ከሩቅ ታየሁ?» እያለ ይጠይቀን የነበረው ለዚህ ነው። ምነው አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እዚህ ቆሞ ባየው! ልኩ ነው አባዬ። መጨመርም መቀነስም የለበትም።

ከታች እናቴ «መጣሽ?» ብላ ትጣራለች። «መጣሁ!» እላታለሁ። ስደርስ የእግር ውኃው ሞቋል።